ሟቹን ማን አወጣው?

«መቃብሩ ተከፍቷል! ሟቹን አውጥተው ወስደውታል!»

ሴትዮዋ ይህን እየጮኸች ጣቢያው ስትገባ የጠዋት ሻዬን ገና አንዴ ፉት ማለቴ ነበር። ወደዚህች ከተማ ተዛውሬ ከመጣሁ ሳምንት አልሞላኝም። እስከዚያች ጠዋት ድረስ እዚህ የያዝኩት ትልቁ ወንጀል የጠፋ ብስክሌት ነው፤ እሱም ባለቤቱ ራሱ ረስቶት የሄደ። እና የሬሳ ስርቆት ሲመጣልኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ኮፍያዬን አስተካክዬ ወንበር ሳብኩላት።

«ይረጋጉ እትዬ። ሟቹ ምንዎ ነው?»

«የእኔ ነዋ! በእጄ ጠቅልዬ የቀበርኩት እኔ ነኝ!»

«ብቻዎን?»

«ታዲያስ! ለእንዲህ ያለ ሥራ ሰው ይታመናል?»

ብዕሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ለማውጣት ወር ሙሉ የለፋሁባቸው ጊዜያት አሉ።

«ዕድሜው ስንት ነበር?»

«ክረምት ሲገባ አራት ዓመት ይሞላዋል።»

«ሕፃን ነዋ!» አልኩ፤ ድምፄ ተሰበረ።

«ለእሱማ ሽማግሌ ነው። ሽታውስ ብትል! ነገ በአውቶቡስ የሚመጡት እንግዶች ሊበሉት እኮ ነበር!»

ከጎኔ የተቀመጠው ሃምሳ አለቃ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኗል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የአገሬው ሰው ስለሆነ ሐዘኑ የጠናበት መስሎኝ ነበር። ኮፍያውን ሲያነሳ ግን ዓይኑ በሳቅ እንባ ርሷል።

«ኢንስፔክተር» አለኝ፣ «አይብ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህች ከተማ ከላም ወተት የሚሠራ አይብ በቅጠል ተጠቅልሎ እርጥብ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ዓመታት ይቆያል። ሲወጣ መልኩ አመድ ይመስላል፤ ወደ ሽታው በኋላ እመጣለሁ። የከተማው ሰው «ሟቹ» ይለዋል። እሱን ለመቅመስ ሰዎች ከሩቅ አገር ድረስ ይመጣሉ። ወደው ነው፤ ማንም አያስገድዳቸውም። በዚህ ሙያ ደግሞ ከዚህች ሴትዮ የሚደርስ የለም፤ በዋናው መንገድ ዳር ያለው የእንግዳ ማረፊያ የእሷ ነው።

«ሌባውንም አውቀዋለሁ» አለች ባለ ማረፊያዋ። «አብሳዬ ነው። በሚመጣው ወር ልጄን ሊያገባ የነበረው።»

«የነበረው?»

«ዛሬ ልቀሰቅሰው ስሄድ አልጋው ባዶ ነው። የት ነበርክ ብለው ምላሱ ተሳሰረ። እጁ ካለበት ሠርግ የሚባል ነገር የለም! ከሌባ ጋር አልዛመድም።»

ጓሮው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። ሦስት ጎኑ ረጅም ግንብ፣ አንዱ ጎኑ ሕንፃው ራሱ። ወደ መንገድ የሚያስወጣው የብረት በር እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ያለው ባለ ማረፊያዋና አብሳዩ ጋ ብቻ። ከማገዶው ክምር ጥግ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገፍቶ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፤ ከሥሩ የተቀደደ የቅጠል ቁራጭ ቀርቷል። ጎንበስ አልኩ። ወዲያው ቀና አልኩ። ሃምሳ አለቃው ግን ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን እስከ ሆዱ ድረስ ሳበው።

«አይ፣ ይሄ እኮ የጉድጓዱ ብቻ ነው» አለ በናፍቆት።

አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ አሰብኩ። ግንቡ ላይ የተዘለለበት ምልክት የለም። በሩ አልተሰበረም። ሌባው ከውስጥ ነው። በማረፊያው ያደሩት ደግሞ ባለ ማረፊያዋ፣ ልጇ፣ አብሳዩና ሁለት እንግዶች ናቸው።

ልጅቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ የእጅ ፎጣ እያፍተለተለች ትጠብቀኛለች።

«ጋሼ፣ እሱ አይደለም። እሱ እንኳን ሟቹን ሊሰርቅ...» ብላ የቀረውን ዋጠችው።

«እንኳን ሊሰርቅ ምን?»

«ምንም። ብቻ እሱ አይደለም። እማዬ ደግሞ አንዴ ከቆረጠች አትመለስም። እሱን ካጣሁ እኔ ሰው አልሆንም። እባክዎ ጋሼ፣ ነገሬ በእርስዎ እጅ ነው።»

አንጀቴን በላችው። የፖሊስ አንጀት በሥራ ሰዓት መበላት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ግን ተበላ። እውነተኛውን ሌባ ሳልይዝ ከዚህ ቤት አልወጣም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ምርመራውን ከመመገቢያ ክፍሉ ጀመርኩ። ገና ሳልቀመጥ ባለ ማረፊያዋ አንድ ትንሽ ሳህን ፊቴ ዱቅ አደረገች። ላዩ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል አመድማ ነገር ተቀምጣለች።

«ይሄ ትንሹ ነው፤ ዓመቱ ነው። የጠፋውን ነገር ሳትቀምስ እንዴት አድርገህ ትፈልገዋለህ?»

«በሥራ ላይ ሳለሁ...»

«ብላ!»

በላሁ። ወደ ሽታው እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ባልመጣ ይሻለኛል። ብቻ ዝናብ የመታው ካልሲ ውስጥ ሳሙና ቀልጦ ያውቃል? ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ጆሮዬ ጮኸ።

«ጣት ያስቆረጥማል አይደል?» አለች።

«ያስቆረጥማል» አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ከፊት ለፊቴ ጠረጴዛ የተቀመጠው የመጀመሪያው እንግዳ ሁሉን አይቶ ፈገግ አለ። ሰውዬው ዝነኛ ነው፤ አገር ላገር እየዞረ ያልተለመደ ምግብ ይቀምሳል፣ ስለቀመሰው ይጽፋል። ሁሉም «ቀማሹ» ይሉታል። ነጭ የክር ጓንት አጥልቋል፣ ኮቱ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ተበትኗል፣ የቀረበለት ቁርስ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ምላስን አያስደነግጡትም ኢንስፔክተር» አለኝ። «እኔ አሸዋ ውስጥ የበሰበሰ ዓሣ በልቻለሁ። በአመድ ተቀብሮ የጠቆረ እንቁላል በልቻለሁ። አንድ ደሴት ላይ ከግንድ ውስጥ የሚወጣ የጣት ውፍረት ያለው ትል ሕያው ሳለ አቅርበውልኛል።»

«በሉት?»

«ሁለት ሳህን!» አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ነገ ደግሞ የአውቶቡሱ እንግዶች የሚመጡት እኔ ሟቹን ስበላ ለማየት ነበር። አንባቢዎቼ ናቸው። ልቤ ተሰብሯል ስልዎ!»

«ጓንቱስ?»

«የቀማሽ ጣት እንደ ሙዚቀኛ ጣት ነው። ይጠበቃል።»

«ቁርስዎን ለምን አልበሉም?»

«ምላሴን ለሟቹ ስል ከሌላ ጣዕም ጠብቄዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ጽናት አይቼ አላውቅም። ሟቹ በመጥፋቱ ከሁሉም በላይ የተጎዳው እሱ ነው ብዬ አዘንኩለት፤ ከተጠርጣሪዎችም አወጣሁት።

ሁለተኛው እንግዳ ሳሙናና ሽቶ በሳጥን ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር ሻጭ ነው። ዛሬ ማለዳ መንገድ ሊጀምር ነበር፤ ሃምሳ አለቃው ከነሳጥኑ በር ላይ አስቀርቶታል። ሻጩ ተናዷል፤ ግን ወሬ የያዘ ሰው ቁጣው አይጠናም።

«ሰምቻለሁ» አለኝ ጠጋ ብሎ። «ጎህ ሲቀድ። ክፍሌ ከጋራው መታጠቢያ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ውኃ ይንዠቀዠቃል። ከዚያ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹በላኝ! ኧረ በላኝ! ጨረሰኝ እኮ!› ይላል።»

«ማን ነበር?»

«በውኃው ድምፅ ማን ይለያል? ወንድ ነው፣ ያንገበገበው ወንድ። ያን ቃል እኔ አውቀዋለሁ። ሸሪኬ ዕቃዬን ይዞ የጠፋ ዕለት እኔም ‹በላኝ› እያልኩ ነው ፀጉሬን የነጨሁት።»

ነገር ገባኝ። ገባኝ ብዬ ነበር ማለት ይሻላል። ሃምሳ አለቃውን ወደ ኮሪደር ወሰድኩት።

«ሌቦቹ ሁለት ናቸው» አልኩት። «አንዱ አውጥቶ አስረከበ፣ ሌላው ይዞ ካደው። የተካደው መታጠቢያ ቤት ገብቶ እያለቀሰ እጁን ታጠበ። ይሄን አይብ የሚፈልግ ደላላ ወይም ተፎካካሪ አለ?»

«ባለ ማዶው አለ እንጂ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት አለው። ከእትዬ ጋር ሆድና ጀርባ ናቸው። እሱም ሟች ይቀብራል፤ የእሱ ግን፣» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «አይሸትም።»

አብሳዩን ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲልጥ አገኘሁት። ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው፤ በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ፣ ያለቅሳል።

«ማለዳ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«አልጋህ ባዶ ነበር።»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ... ወጣ አልኩ።»

«ወዴት?»

«ጌታዬ፣ ከምናገር ብታሰር ይሻለኛል» አለና ቢላዋውን አስቀመጠ። ሁለት እጁን አጣምሮ ለካቴና ሰጠኝ።

እንዲህ ብሎ እጁን የሚሰጥ ሰው ጥፋተኛ ካልሆነ ማን ጥፋተኛ ይሆናል? የልጅቷ ፊት ዓይኔ ላይ መጣና ልቤ አዘነ። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው። መንገዱን ተሻግሬ ባለ ማዶው ዘንድ ሄድኩ። ባለ ማረፊያዋም ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ተከተለችኝ፤ ብከለክላትም አልሰማችኝም።

ባለ ማዶው ደረቱን ነፍቶ ተቀበለን።

«አብሳዩን ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው!»

«አንዱ ሌላውን ‹በላኝ› ሲል ተሰምቷል። ማን ማንን ነው የበላው?»

ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ። «እሱ ነዋ እኔን የበላኝ! ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ፀሐይ እስክትወጣ እዚህ ነው። በየማለዳው እንቁላል በዳቦ ያስጠብሳል። ደግሞ ይደግማል። ዛሬም ያ ጥግ ላይ ሁለተኛውን ሳህን ሲጠርግ ነው የነጋው፤ ዳቦ የሚያመጣልኝን ሰው ጠይቁት። ‹እዚያ ቤት ሁሉም ነገር ሟቹን ሟቹን ይላል፣ ሻዩ እንኳ› ይለኛል።»

የአብሳዩ ነገር እዚያው ጠራ። ንጹሕ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ባለ ማረፊያዋ ዞር ስል ግን ደስታዬ ደረቀ።

«እንቁላል?» አለች። «ከማዶ? በየቀኑ?»

«እትዬ፣ ሌባ አለመሆኑ...»

«ሌብነቱንማ ይቅር ባልኩት! ሰው ሲያጣ ይሰርቃል። የእኔን ማዕድ ጥሎ ከዚህ ሰውዬ እጅ መጉረስ! በቃ። ሠርጉ ቀርቷል!»

መንገዱን ስንመለስ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ነገሬን በእርስዎ እጅ ብዬ ነበር» ብላ ገባች። በምርመራዬ የሰበርኩትን በምን እንደምጠግነው አላወቅኩም። በዚህ ሥራ ጥፋተኛ አጥቼ አውቃለሁ፤ ንጹሕ ሰው አግኝቼ ጎጆ ያፈረስኩት ግን ያን ቀን ነው።

ብቻዬን ወደ ጓሮው ተመለስኩ። ቢያንስ ሌባውን ልያዝ ብዬ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከክኩ። ትንፋሼን ይዤ እጄን ሰደድኩና ያን የቅጠል ቁራጭ ይዤ አወጣሁት። እርጥብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ምንም አይናገርም። አገላብጬ አየሁት፣ በጣቶቼ አሸሁት። ወዲያው መዳፌን አንዳች ነገር ወረረው። አከክሁ። ባሰ። ወደ ክንዴ ወጣ።

«ኧረ በላኝ!» ብዬ ጮህኩ። «በላኝ! ጨረሰኝ እኮ!»

ጮኼ ሳልጨርስ አፌን ይዤ ቀረሁ።

በላኝ! ለካ ማንም ማንንም አልካደም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን እጁን እያከከ ነበር። ሻጩ የራሱን ቁስል ሰማ፤ እኔም የሰማውን ተቀብዬ ግማሽ ቀን ሁለት ሌባ አሳደድኩ።

ባለ ማረፊያዋ ጩኸቴን ሰምታ የዘይት ጠርሙስ ይዛ እየሮጠች መጣች። ቁጣዋ እንዳለ ነው፤ ግን እጄን ጎትታ ዘይት አፈሰሰችበት።

«ሰው ዘይት ሳይቀባ ይሄን ቅጠል ይነካል? ከተቀበረ በኋላ እኮ ሥጋ ያስቆርጣል!»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«የከተማው ሰው ሁሉ ነዋ። ባለ ማዶው እንኳ ያውቃል።»

«አብሳይዎስ?»

«ዘይቱን የሚያሞቅልኝ እሱ አይደል?» አለችና አብሳዩን ማንሳቷ ትዝ ብሏት ፊቷን አጠቆረች።

ሃምሳ አለቃውን ጠራሁት። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

«እንዴታ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝማ ኢንስፔክተር።»

ሁሉንም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ባለ ማረፊያዋ ራስጌ ተቀመጠች። ልጅቷና አብሳዩ ሁለት ተቃራኒ ጥግ ላይ ቆሙ፤ በመካከላቸው ያሉት ጠረጴዛዎች የበዙ ይመስሉ ነበር። ሻጩ ሳጥኑ ላይ፣ ቀማሹ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሟቹን ያወጣው ሰው ቅጠሉን ዘይት ሳይቀባ በባዶ እጁ ነክቷል» አልኩ። «የአገሬው ሰው እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ሌባው መንገደኛ ነው። እጃችሁን አሳዩኝ።»

ሻጩ ሁለት መዳፉን ዘረጋ፤ የሳሙና ሻጭ እጅ፣ ንጹሕ፣ የሚያውድ። ወደ ቀማሹ ዞርኩ።

«ጓንቱን ያውልቁ።»

«ኢንስፔክተር፣ የቀማሽ ጣት...»

«ያውልቁ።»

ቀስ ብሎ አወለቀ። እጁ ቀልቷል፣ አብጧል፣ በጥፍር ተቦጫጭሯል። የክፍሉ ሰው በሙሉ «ውይ!» አለ።

«ሊበላው ነዋ!» አለ ሃምሳ አለቃው በቁጣ። «ብቻውን ሊበላው!»

«ላለመብላት!» ብሎ ጮኸ ቀማሹ። ከዚያ ድምፁ ወደቀ። «ላለመብላት ነው። ያ ትል... ያ ደሴት ላይ ያቀረቡልኝ ትል... ሁለት ሳህን አልበላሁም። አንድ ጎረስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆዴ ከደረቅ ብስኩት ሌላ አይቀበልም። አብሳዮቹን እጠይቃለሁ፣ አሸታለሁ፣ እጽፋለሁ። ማንም ስትበላ ልይህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ነገ ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው አፍ አፌን ሊያይ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ አደርኩ፤ ሲነጋጋ ወርጄ አወጣሁት።»

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሟቹን ሊበላ የሚጓጓ ሰው ስፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ ቀምሼው እያለ ይህ ሳይታየኝ መቅረቱ ይገርመኛል።

«የት አደረግከው?» አለች ባለ ማረፊያዋ።

ቀማሹ ያበጠ ጣቱን ወደ ሻጩ ጠቆመ። «ሽታውን የሚሸፍነው የእሱ ሽቶ ብቻ ነበር። ሳጥኑ ኮሪደር ላይ ነበር። ማለዳ ይዞት ይሄዳል ብዬ...»

ሻጩ ከተቀመጠበት ሳጥን ላይ እሳት እንደነካው ዘለለ። ክዳኑን ስንከፍት የሽቶና የሟቹ ሽታ ተቃቅፈው ወጡ። እንኳን እኔ፣ ሃምሳ አለቃው ራሱ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ሟቹ ከላይ በቀማሹ ሸሚዝ ተጠቅልሎ፣ በሳሙናዎቹ መካከል በሰላም ተኝቷል።

ባለ ማረፊያዋ እጇን ዘይት ቀብታ አወጣችው። ቀማሹን አየችው። ክስ ትመሠርታለች ብዬ ብዕሬን አዘጋጀሁ።

«ብስኩት ብቻ?» አለችው።

«ብስኩት ብቻ እትዬ።»

«ምስኪን። እንግዲህ ነገ አንተ አትበላም፣ ቆርሰህ ታድላለህ። ለምን እንደማትበላም ራስህ ትነግራቸዋለህ። ክስ አልፈልግም።» ከዚያ በድንገት ወደ ጥጉ ዞረች። «አንተስ?»

አብሳዩ ደነገጠ። «አቤት?»

«እውነቱን ንገረኝ። ከመጣህ ጀምሮ የሰጠሁህን ሟች አንድ ቀን ውጠኸው ታውቃለህ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ውሸት ቢናገር ምናልባት ይተርፋል፤ እኔ ራሴ በልቤ «ዋሽ፣ አንተ ልጅ» እያልኩት ነበር።

«አላውቅም እትዬ» አለ። «ሲዞሩ ለውሻው እሰጠው ነበር።»

«ለውሻው!»

«ውሻውም እምቢ አለ።»

ባለ ማረፊያዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚህች ከተማ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ምን ማለት እንደሆነ ስላወቅኩ ፊቷን እስክታነሳ ጠበቅኩ። ስትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን እንባም ነበረበት።

«አባቷ» አለች ወደ ልጇ እያመለከተች፣ «ዕድሜውን ሙሉ ‹ጣት ያስቆረጥማል› እያለኝ በላ። ታሞ አልጋ ላይ ሳለ እንዲያገግም ብዬ ትልቁን ሟች አወጣሁለት። እጄን ይዞ ‹ዓለሜ፣ ዛሬ እንኳ ማሪኝ› አለኝ። ሳቅሁ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር እኮ። ያን ሁሉ ዓመት እኔን እንዳይከፋኝ ብሎ...» በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። «አንተ ግን እውነቱን ነገርከኝ። ሠርጉ ባለበት ነው።»

ልጅቷ ጠረጴዛዎቹን እንዴት እንዳለፈቻቸው አላየሁም፤ ብቻ አብሳዩ አጠገብ ነበረች።

«እርስዎስ እማማ?» አለ አብሳዩ፣ ድፍረቱ እየመጣ። «እርስዎ ይወዱታል?»

ባለ ማረፊያዋ ግራ ቀኝ አየች። መስኮቱን ዘጋች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ነገ ማለዳ ወደ ማዶ ስትሄድ» አለችው፣ «እኔንም ቀስቅሰኝ።»